የአባትዎ ኤም4፣ ዲጂታሉ ላይካ እና የ27.8 ሚሊሜትር ጣጣ

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኩት ላይካ ኤም4 ካሜራ አለኝ፤ ሱሚክሮን 50 ሚሊሜትር እና ሱማሮን 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሶችም አብረውት አሉ። ለዓመታት አዲስ አበባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ፍራንክፈርት እኔ ዘንድ መጥቷል። ፊልም መግዛቱም ማሳጠቡም ኪሴን ስለጎዳው ወደ ዲጂታል መዞር እፈልጋለሁ። ፊልሙ በሚቀመጥበት ቦታ ሴንሰር ማስገባት ለምን አይቻልም? ላይካ ዲጂታልን ንቆ ስለነበር ነው ዘግይቶ የገባው ይባላል፤ ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎቹ ይታመናሉ? ያገለገለ ኤም9 በደህና ዋጋ አግኝቼ ልገዛ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ለኤም9ኙ ቀብድ ካልከፈሉ አይክፈሉ። የዚህ ካሜራ ዋና ሕመም ከውጭ አይታይም፤ ሻጩ ራሱም ላያውቀው ይችላል። እንዴት እንደሚመረመር ከታች እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን «ንቆ ነበር» የሚለውን ወሬ ማጥራት ያስፈልጋል፤ ላይካን ያዘገየውም ኤም9ን የሚያሳምመውም ሥሩ አንድ ነውና።

ላይካ ዲጂታልን የሞከረው ቀደም ብሎ ነው። በ1996 ኤስ1 የተባለ የስቱዲዮ ካሜራ አሳይቷል። ምስሉን እንደ ስካነር መስመር በመስመር ስለሚያነብ ከማይንቀሳቀስ ዕቃና ከሥዕል በቀር ለሌላ አይሆንም ነበር። በ1998 ከፉጂ ጋር፣ በኋላም ከፓናሶኒክ ጋር በዲጂሉክስ ስም ትንንሽ ዲጂታሎች አወጣ። በ2003 ደግሞ ዲጂታል ሞዱል አር የተባለ ዕቃ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ገበያ ላይ የዋለው በ2005 ነው። ይህ የአር8 እና የአር9 ፊልም ካሜራዎች የኋላ በር ተነቅሎ በምትኩ የሚገጠም፣ 10 ሜጋፒክስል ሴንሰር ያለው ክፍል ነበር። እንግዲህ በፊልም ካሜራ ላይ ሴንሰር መግጠም የሚለው ሐሳብዎ ቅዠት አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ አድርጎታል። ያደረገው ግን በአር ላይ ነው። በኤም ላይ አላደረገውም፤ የሚያደርግበት ቦታም አልነበረውም።

አር ምስሉን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው ካሜራ ነው። መስታወቱ የሚገለበጥበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ድረስ 47 ሚሊሜትር አለው። ኤም መስታወት የለውም፤ ርቀቱ 27.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ1954 ኤም3 ሲወጣ የተወሰነው ይህ ልክ እስከ ዛሬ አልተነካም፤ የአባትዎ ሌንሶች በዛሬው ካሜራ ላይ ያለ ምንም ማሻሻያ የሚገጥሙትም ለዚሁ ነው። ልኩ አጭር በመሆኑ የሌንስ ሠሪዎቹ የሌንሱን የኋላ መስታወት ወደ ፊልሙ አስጠግተው ትንሽና ጥርት ያለ ሌንስ መሥራት ችለዋል። ፊልም ይህን በጸጋ ይቀበላል፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎም መጣ አዘንብሎ፣ የሚያርፈው ስስ ልባስ ላይ ነው።

ሴንሰር እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱን ፒክስል እንደ ጠባብ የውኃ ጉድጓድ ያስቡት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ታቹ ድረስ ትገባለች፤ ወደ ማታ ግን የምታበራው ግድግዳውን ብቻ ነው። በሴንሰሩ መሐል ያሉት ፒክስሎች ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ናቸው፤ ጥግ ላይ ያሉት ምሽት ላይ። ለምሳሌ ብርሃኑ ከሌንሱ የሚወጣበት ነጥብ ከሴንሰሩ 30 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ በሙሉ ፍሬም (24 በ36) ጥግ ላይ የሚያርፈው ጨረር 36 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ውጤቱ የጠቆረ ጥግና ቀለሙ የተዛባ ጠርዝ ነው። የላይካ መሐንዲሶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ኤም ዲጂታል ሊሆን አይችልም» የሚል አቋም ይዘው የነበረው ትዕቢት ስለነበረባቸው ብቻ ሳይሆን፣ በጊዜው በነበረው ሴንሰር በእርግጥም ስለማይሆን ነው።

የአስተዳደሩ ጥፋት ግን የለም ማለቴ አይደለም። ገበያው ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ዞረ፤ ኩባንያው ደግሞ የራሱ ቺፕ አልነበረውም። በየካቲት 2005 ባንኮቹ የብድር መስመሩን ቆረጡበት፤ ከካፒታሉ ከግማሽ በላይ ተበልቶ ነበር። ያተረፈው ኦስትሪያዊው ባለሀብት አንድሪያስ ካውፍማን ነው፤ በ2006 የፈረንሳዩን የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ የኤርሜስን ድርሻ ጠቅልሎ ገዛ። ቅድሚያ የተሰጠው ነገር ኤምን ዲጂታል ማድረግ ሆነ። የአር መስመር በ2009 ተዘጋ።

አሁን ወደ ኤም4ዎ። ሴንሰር የማይገባበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ኤም4 ፊልም የሚጎርሰው ከታች ነው፤ የታችኛው ክዳን ይወልቃል፣ ከኋላ ያለው ትንሽ መከለያ ወደ ላይ ይነሳል። እንደ አር ሙሉው ጀርባ አይነቀልም። ብርሃን የሚያስገባውና የሚያግደው የጨርቅ መዝጊያ ከፊልሙ ጋር የተጠጋጋ ስለሆነ የሴንሰሩ መሸፈኛ መስታወት የሚያርፍበት ክፍተት የለም። ከሴንሰሩ በስተኋላ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ስክሪን ይከተላሉ፤ የካሜራው ጠቅላላ ውፍረት ግን 33.5 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ኤም4 ባትሪ እንኳ የለውም። መዝጊያው መቼ እንደተከፈተ የሚናገረው የፍላሽ መሰኪያው ብቻ ነው፤ ወደ ሴንሰር የሚሄድ ሽቦ በውስጡ የለም። በፊልም ቆርቆሮ ቅርጽ የሚገባ ሴንሰር እሠራለሁ ያለው የካሊፎርኒያው ሲሊከን ፊልም፣ ከኤም ሰፋ ያለ ቦታ ላላቸው ካሜራዎች አስቦት እንኳ አንድም ሳይሸጥ በ2001 ሥራ አቁሟል። ዛሬም ተመሳሳይ ተስፋ የሚሸጡ አሉ፤ ገንዘብዎን አስቀድመው አይስጡ።

የኤምን ሌንስ መጀመሪያ በዲጂታል ያሠራው ላይካ አለመሆኑ ደግሞ የሚገርም ነው። ኤፕሰን በ2004 አር-ዲ1ን አወጣ፦ 6 ሜጋፒክስል፣ ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ሴንሰር፣ መዝጊያውም ልክ እንደ ፊልም ካሜራ በእጅ ማንሻ የሚወጠር። ላይካ ኤም8ን ያቀረበው በመስከረም 2006 ነው። መፍትሔው ከሦስት ነገር የተገጣጠመ ነበር። ሴንሰሩ ከኮዳክ ሆኖ ወደ 18 በ27 ሚሊሜትር አነሰ፤ በቀደመው ምሳሌ መሠረት የጥጉ ጨረር ከ36 ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። በየፒክስሉ አናት ላይ ያሉት ደቃቅ ሌንሶች ወደ ጥግ በሄዱ ቁጥር ወደ መሐል እንዲሸሹ ተደረገ፤ የጉድጓዱን አፍ ፀሐይዋ ወደምትመጣበት እንደማዘንበል ነው። ሦስተኛው ጣጣ ያመጣው ነው፦ የሴንሰሩ መሸፈኛ መስታወት 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ወፍራም መስታወት አዘንብሎ የመጣውን ጨረር ስለሚያጥፍ ጥጎቹ ይደበዝዛሉ፤ ሌሎች ፋብሪካዎች 2 ሚሊሜትር አካባቢ የሚጠቀሙትን ላይካ ያሳነሰው ለዚህ ነው።

ይህ መስታወት ግን ሌላም ሥራ ነበረው፤ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ማገድ። ሲሳሳ ማገዱን ተወ። ለዓይን ጥቁር የሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ያንጸባርቃል፤ ኤም8 ደግሞ ያን እንደ ቀለም ይመዘግበዋል። ሙሽራው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጥቁር ሱፍ ለብሶ ሲነሳ ፎቶው ላይ ሱፉ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል፤ አጠገቡ ያለው ሚዜ እውነተኛ የበግ ሱፍ ከለበሰ የእሱ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። በኮምፒውተር ለማረም ቢሞክሩ የሙሽራዋ ቬሎ ጥላ አብሮ ይበላሻል። ላይካ ለገዢዎቹ ሌንስ ፊት የሚታሠር ሁለት ሁለት ማጣሪያ በነፃ ሰጠ። ማጣሪያው ጥቁሩን መለሰ፤ በሰፊ ሌንስ ላይ ግን ጨረሩ አዘንብሎ ስለሚያልፍበት ጥጎቹን አረንጓዴ ሰማያዊ አደረጋቸው። ይህን ለማረም ካሜራው የትኛው ሌንስ እንደተገጠመ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ በሌንሱ መግጠሚያ ላይ ጥቁርና ነጭ የሚቀቡ ስድስት ነጥቦች መጡ። የእርስዎ ሱማሮን እነዚህ ነጥቦች የሉትም፣ ኤም8 ደግሞ ሌንስን በእጅ መምረጫ የለውም። በዚያ ላይ 35ቱ እንደ 47፣ 50ው እንደ 67 ሆኖ ነው የሚያዩት። (ሌንሱ አይለወጥም፤ ጠርዙ ነው የሚቆረጠው።) የኤም8 ማሳያም የቡና ጠብታ የመሰለ ዕድፍ የማውጣት የታወቀ ችግር አለበት። ኤም8 ቢረክስም ይለፍዎት።

ኤም9 በመስከረም 2009 ሙሉ ፍሬሙን አመጣ፤ 18 ሜጋፒክስል፣ አሁንም የኮዳክ ሲሲዲ (የቀድሞው የሴንሰር ዓይነት)። መስታወቱ 0.8 ሚሊሜትር ሆነ፤ በዚህ ስስነት ኢንፍራሬዱን እንዲያግድ ብርሃኑን አጥብቆ የሚመጥ ልዩ የመስታወት ዓይነት ተመረጠ። ሐምራዊው ሱፍ ተረሳ። ይህ ዓይነቱ መስታወት ግን እርጥበት ጠላቱ ነው። ልባሱ የሳሳበት ወይም የተጫረበት ቦታ ካለ እርጥበት ገብቶ መስታወቱን እንደ ዝገት ይበላዋል። በ27.8ቱ ምክንያት ቀጠነ፣ ስለቀጠነ ኢንፍራሬድ አሾለከ፣ ማሹለኩን ለማስቆም የተመረጠው መስታወት ደግሞ ተበላ። ላይካ ከ2014 ጀምሮ ሴንሰሩን በነፃ ይቀይር ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል። ኤም9-ፒ፣ ኤም-ኢ እና በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ኤም ሞኖክሮምም በዚሁ ይታማሉ።

ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከ32 ጊጋባይት ያልበለጠ የራስዎን ካርድ ይዘው ይሂዱ። 50 ሚሊሜትሩን ገጥመው የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ ያድርጉ፤ አይኤስኦ 160፤ ርቀቱን በጣም ቅርብ ላይ ያስቀምጡና ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ በዲኤንጂ (በጥሬው የምስል ፋይል) ያንሱ። ቢነቃነቅ ግድ የለም፤ እንዲያውም የግድግዳው ጉድፍ ይጠፋል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው ግን ባለበት ይቆማል። ኮምፒውተር ላይ ንፅፅሩን ከፍ አድርገው በመቶ በመቶ ይመልከቱ። አቧራ ጥቁር ነጥብ ወይም ጭረት ነው፤ ሲጸዳ ይጠፋል ወይም ቦታ ይለውጣል። የተበላ መስታወት ግን መሐሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያውን ብሩህ ቀለበት ያለው ክብ ነው፤ አይጸዳም፣ አይነቃነቅም፣ በጊዜ ብዛት ይራባል። በስክሪኑ ብቻ አይወስኑ፤ የኤም9 ስክሪን ይህን ለማሳየት በጣም ደካማ ነው። ካሜራው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሴንሰሩ በአዲሱ ዓይነት መቀየሩን የሚያሳይ የፋብሪካ የጥገና ወረቀት ከሌለው፣ የዛሬ ንጽሕናው ለነገ ዋስትና አይሆንም። መስታወቱን ብቻ ነቅለው የሚለውጡ የግል ጥገና ቤቶች አሉ፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሰው ካልተከራከሩ ግን ርካሹ ካሜራ ውድ ይሆንብዎታል።

«የሲሲዲ ቀለም ልዩ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጥምዎታል። የኤም9 ቀለም በእርግጥ ያምራል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ከቀለም ማጣሪያውና ከፋብሪካው የቀለም አሠራር እንጂ ሲሲዲ ከመሆኑ የመጣ አይደለም። ለዚያ ብለው ጭማሪ አይክፈሉ።

በ2012 የቀረበው ኤም፣ በተለምዶ ኤም240 የሚባለው፣ ሴንሰሩን ከኮዳክ ወደ ቤልጂየሙ ሲሞሲስ ቀየረ። ኮዳክ በ2011 የሴንሰር ክፍሉን ሸጦ፣ በጥር 2012 የኪሳራ ከለላ ጠይቆ ስለነበር ምርጫው ብዙ አልነበረም። ሲሞስ የሚባለው ይህ አዲሱ የሴንሰር ዓይነት 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ፒክስሎቹ ለዘንባላ ጨረር ታስበው ጥልቀታቸው እንዲያንስ ተደርጓል፣ ማለትም ጉድጓዱ ራሱ ጠለል አለ። የመስታወት መበላት ችግር የለበትም። ጉዳቱ ውፍረቱ ነው፤ 42 ሚሊሜትር። ኤም4ን የለመደ እጅ ወዲያውኑ ያውቀዋል። በ2017 የመጣው ኤም10 ወደ 38.5 ሚሊሜትር ከሳ፣ ዋጋው ግን አልከሳም። የ2022ቱ ኤም11 ባለ 60 ሜጋፒክስል ነው፤ ለሱማሮን ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ምክሬ፦ ኤም240 ይግዙ፤ ኤም4ን አይሽጡ። ኤም240ን የምመርጠው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ በስክሪኑ በቀጥታ በሌንሱ በኩል ማየት የሚቻልበት የመጀመሪያው ኤም ስለሆነ ነው። ይህ ለእርስዎ ከሜጋፒክስሉ ይበልጣል። ፊልም ትንሽ የትኩረት ስሕተትን ይሸፍናል፤ ሴንሰር ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ሰውም በመቶ በመቶ አጉልቶ ያያል። 50 ሚሊሜትር በኤፍ 2፣ 1 ሜትር ላይ፣ በፊልም ዘመን መለኪያ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጥርት ያለ ጥልቀት አለው። የኤም240 ፒክስል ስፋት (6 ማይክሮሜትር) መለኪያ ሲሆን ያው ጥልቀት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ያነሷት ሴት የጆሮ ጌጥ ጥርት ብሎ ዓይኗ የደበዘዘው ሌንሱ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ በመመልከቻው ትኩረት የሚያስተካክሉበት የካሜራው ርቀት መለኪያ በጥቂቱ ስቶ ይሆናል። በስክሪን አጉልተው ያነሱት ጥርት ብሎ በመመልከቻው ያነሱት ከደበዘዘ፣ የሚስተካከለው ካሜራው ነው። ሁለቱም ከደበዘዙ ሌንሱን ይመልከቱ። ለማስተካከል ራስዎ ቁልፍ አያንሱ። የላይካ ጥገና ክፍል ዌትዝላር ነው፤ ፋብሪካው በ1988 ወደ ሶልምስ ሄዶ በ2014 ተመልሷል፣ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ኤም240 ከአቅም በላይ ከሆነ መካከለኛ መንገድ አለ፤ የኤም ሌንስን በማገናኛ ቀለበት መስታወት አልባ ካሜራ ላይ መግጠም። ለኒኮን ዜድ ቀለበቱ 11.8 ሚሊሜትር፣ ለሶኒ ኢ 9.8 ሚሊሜትር መወፈር አለበት፤ በጣም ርካሾቹ ሆን ተብለው ስለሚሳሱ የሌንሱ የርቀት ቁጥሮች አይታመኑም፣ ለትኩረት ግን ችግር የለውም። 50ው በሁለቱም ደህና ይሠራል። 35ቱ ግን በሶኒ ወፍራም መስታወት ላይ ጥጎቹን ይቀባባቸዋል፤ ኒኮን ዜድ መስታወቱ ስስ ስለሆነ ይሻላል። ኤፍ 8 ላይ ብዙው ይታረማል፤ ሁሉም አይታረምም።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ሌንሶቹን ይመርምሩ፤ አዲስ አበባ ቁም ሣጥን ውስጥ ክረምት ከክረምት የከረመ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ከፍተው የስልክ መብራት ከኋላ አብርተው በፊት በኩል በጎን ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ሻጋታ ነው፤ እንደ ጉም ያለ ስስ ሽፋን ደግሞ የቆየ ቅባት ተንኖ የተቀመጠ ነው። ጉሙ በባለሙያ ይጸዳል። ሻጋታው ልባሱን በልቶ ከሆነ አሻራው ይቀራል፤ ሌንሱ እስኪጸዳ ድረስም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቦርሳ አይክተቱት። ሱሚክሮንዎ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ በዲጂታል ላይ በፍጹም አያጥፉት። ፊት ለፊቱ የቅርብ ርቀት መነፅር የሚገጠምበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ በዲጂታል ኤም ላይ ለመግጠም አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ብረቱ ይገጫል። ሱማሮኑ ይገጥማል፤ ስድስቱ ነጥቦች ስለሌሉት በኤም240 ሜኑ ውስጥ በእጅ ይምረጡት፣ ስሙን ካጡ በጣም የሚቀርበውን 35 ያስቀምጡ።

ለኤም4 አንድ ነገር ብቻ፦ ሌንሱን ሳይከድኑ ፀሐይ ላይ አዙረው አያስቀምጡት። መዝጊያው ጨርቅ ነው፤ በሩቅ ርቀት ላይ የተቀመጠ ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ እንደ ማጉያ መስታወት በሰከንዶች ውስጥ ይበሳዋል። አባትዎ የሌንስ ክዳን ትተው ከሆነ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈልጉት።